ወይ ፈትኑት፣ ወይ አትሽጡት

እትዬ ቅመም የሚያምሱበት ቀን ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። ከታክሲ ወርጄ ወደ ግቢያቸው ስታጠፍ የኮረሪማው ሽታ መንገድ ላይ ወጥቶ ይቀበለኛል። ጥቁር አዝሙዱን ለብቻ፣ ነጭ አዝሙዱን ለብቻ፣ ኮረሪማውን ፈልፍለው ለብቻ ያምሳሉ። «እያንዳንዱ የራሱ እሳት አለው» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ከምጣዱ ሳያነሱ። ማማሰያው ከቀኝ እጃቸው አይወርድም።

ዛሬ ያ ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ይውላል።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ለ11 ዓመት የደም ግፊት ክኒን ወስደዋል፤ በየጠዋቱ አንድ አምሎዲፒን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ሳያዛንፉ። አንድ ቅዳሜ መርካቶ በርበሬ ተራ ለመከለሻ የሚሆን ቅመም ሊገዙ ሄደው ከቅመሙ ጋር አንዲት ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዘው ተመለሱ። ሻጩ ጎልማሳ ነው፣ አንደበቱ ማር። «እናቴ፣ ይህን ከጀመሩማ ያንን የፈረንጅ ክኒን ይተዉት፤ ኩላሊትዎን ነው የሚጨርሰው» አላቸው። ጠርሙሱ ላይ ግፊት፣ ስኳር፣ ሪህ፣ ጨጓራ፣ ካንሰር የሚል ዝርዝር ተለጥፏል። እትዬ አመኑት። ለምን አያምኑት? ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሲያበጥሩት፣ ሲያምሱት፣ ሲወቅጡት የኖሩት ነገር ነው። ከማያውቁት ፋብሪካ ከመጣ ክኒን ይልቅ የሚያውቁት ቅመም ቢቀርባቸው ምን ያስገርማል? በሰባተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ቡና እየቀዱ ሲኒው ከእጃቸው ወደቀ። ሆስፒታል ስናደርሳቸው የላይኛው ግፊታቸው 210 ነበር።

ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬን አልደብቅም፤ ግን በማን ላይ እንደሆነ ይለይልኝ። በጥቁር አዝሙዱ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ስለ እሱ የዋሹት ሰዎችና ስለ እሱ እውነቱን የማወቅ ሥራ ተሰጥቷቸው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት ናቸው ያቃጠሉኝ።

እውነቱ ምን ነበር? ጥቁር አዝሙድ ባዶ ፍሬ አይደለም። ታይሞኪኖን የሚባል ውህድ በውስጡ አለ፤ ተመራማሪዎች እሱን ለይተው ማጥናት ከጀመሩ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 11 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 860 ገደማ ሰዎችን ይዞ ውጤታቸውን አንድ ላይ አስልቷል። ጥቁር አዝሙድ የወሰዱት ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በእርግጥም ቀንሷል። በስንት? በአማካይ በ3 ነጥብ ገደማ።

ሦስት ነጥብ። ለአንድ ቅመም ትንሽ አይደለም፤ ከክኒን ጎን ቢቆም የሚናቅ ረዳት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከ210 ላይ ሦስት ሲቀነስ 207 ይቀራል። ያ ሻጭ ይህን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ምን ይል ነበር? ምናልባት ያው ነው፣ ዝም ብሎ ይሸጥ ነበር። እትዬ ቢያውቁት ኖሮ ግን ክኒናቸውን አይተዉም ነበር። ሂሳብ ይችላሉ፤ አርባ ዓመት ሙሉ የዕድር ገንዘብ ቆጥረዋል።

ደግሞ ያ ጠርሙስ ውስጥ ምን ያህል ታይሞኪኖን እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው? ከየት እንደተዘራ፣ መቼ እንደተጨመቀ፣ ስንት ወር ፀሐይ ላይ እንደቆመ፣ በምን ዘይት እንደተበረዘ የሚናገር አንድም መስመር አልተጻፈበትም። የካንሰር ስም ግን ተጽፎበታል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልምጣ። ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነገሩን ሲሰማ እትዬን እንደ ሕፃን ተቆጣቸው። «ኋላ ቀርነት ነው እኮ የሚገድላችሁ!» አለ፣ አስታማሚው ሁሉ እየሰማ። አፋቸው ተጣምሞ መልስ መስጠት የማይችሉ ሴት ላይ። እኔም መልስ አልሰጠሁትም፤ ያን ጊዜ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ ግን እመልስለታለሁ። ወንድሜ፣ እኚህ ሴት 11 ዓመት ሙሉ ክኒን ሊወስዱ ጤና ተቋም ሲመላለሱ «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው አልነበረም። አንድም! ብትጠይቋቸው ይነግሯችሁ ነበር። የማይነግሯችሁ እንደምትስቁባቸው ስለሚያውቁ ነው።

መጠየቁ ደግሞ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይመስላችሁ። ጥምዝን ውሰዱ። ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚመጣው፣ ቅቤ ስናነጥርና በርበሬ ስናዘጋጅ የምንጨምረው ያ ረዘም ያለ ጥቁር ፍሬ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው፤ የሚያቃጥለውም ፒፐሪን በሚባለው በዚያው ውህድ ነው። ፒፐሪን በአንጀትና በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያዘገያል። ህንድ ውስጥ የተሠራና በ1998 የታተመ ጥናት ከእርድ የወጣ ኩርኩሚን ለሰዎች ብቻውን ሰጠ፤ ወደ ደም የገባው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። 20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ሲታከልበት ወደ ደም የሚገባው መጠን 20 እጥፍ ሆነ። እስቲ አስቡት! ለእርድ እንዲህ ካደረገ፣ ጥምዝን ቀን በቀን በብዛት በጭማቂና በዱቄት መልክ የሚውጥ ሰው ለልቡ ወይም ለሚጥል በሽታው የሚወስደውን ክኒን ምን ሊያደርገው ይችላል? ይህን የማይጠይቅ ሐኪም ዘመናዊ ሊባል አይገባውም። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። በቡና ላይ አንድ ቅጠል ማንንም አልገደለም፤ ተጨምቆ በብዛት ሲጠጣ ግን ማህፀን እንዲኮማተር ሊያደርግና ነፍሰ ጡርን ሊጎዳ ይችላል። «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ አላውቅም። እናቶቻችን ኮሶ አጠጥተው ያሳደጉን ሰዎች ነን። የመጠኑ ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ?

ከሁለቱም ወገን የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። አንዱ ሳይፈትን ያወድሳል፣ ሌላው ሳይፈትን ያጣጥላል። ሁለቱም አልደከሙም። አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ኩራቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እትዬ ደግሞ ግራ እጃቸውን ይዘው።

ቅመሞቻችን ቢፈተኑ የሚያሳፍሩን ቢሆኑ ኖሮ ዝምታው ይገባኝ ነበር። ግን ፋርማሲ ገብታችሁ ሊስትሪን የተባለውን የአፍ መጉመጥመጫ አንሱና ጀርባውን አንብቡ። ከአራቱ ዋና ዋና ውህዶች አንዱ ታይሞል ይባላል፣ ሌላው ዩካሊፕቶል። ታይሞል ከመንዝና ከባሌ ተራሮች ለቅመን በሻይ የምናፈላው ጦስኝ ውስጥ አለ፤ እትዬ ለብቻው የሚያምሱት ነጭ አዝሙድ ውስጥም አለ። ዩካሊፕቶል፣ በሌላ ስሙ ሲኒዮል፣ የኮረሪማ ዘይት ዋና ክፍል ነው። ባሕር ዛፍ ውስጥም ሞልቷል፤ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን የምንታጠነው ለዚያ ነው። ጀርመን አገር ይህንኑ ሲኒዮል በሚሊ ግራም ለክተው፣ በክኒን አሽገው ለብሮንካይትስና ለሳይነስ ይሸጡታል። እነሱ ያደረጉት ተአምር የለም። መዘኑት፣ ለኩት፣ ለታመመ ሰው ሰጥተው ካልተሰጠው ጋር አነጻጸሩት፤ ከዚያ ስንት እንደሚወሰድና ማን መውሰድ እንደሌለበት ወረቀት ላይ ጽፈው ከክኒኑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ጨመሩት። በእትዬ ጠርሙስና በዚያ ካርቶን መካከል ያለው ልዩነት ያች ወረቀት ናት።

አንዳንዱ «ሳይንስ የፈረንጅ ነው፣ ባህላችንን አይረዳም» ይለኛል። ቱ ዩዩ ፈረንጅ ናት? ቻይናዊቷ ተመራማሪ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ስትነሳ የከፈተችው የዛሬ 1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ የአገሯን የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ የሆነን አንድ ተክል በውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅን ያዛል። ሌሎች አፍልተውት ነበርና አልሠራላቸውም። እሷ «ዘፍዝፎ» በምትለዋ ቃል ላይ ቆመች፤ ሙቀቱ ይሆናል የሚያጠፋው ብላ በቀዝቃዛ መንገድ አወጣችው። በ1971 በእንስሳት ላይ ሠራ፤ በ1972 በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሷ ጠጣችው። አርቲሚሲኒን እንዲህ ተገኘ። የኖቤል ሽልማቷን በ2015 ተቀበለች። ከ2004 ጀምሮ በእኛ ጤና ጣቢያዎች ለወባ ዋና መድኃኒት ሆኖ የሚሰጠው ኮአርተም የዚያ ሥራ ልጅ ነው። እንግዲህ አያቶቿን ያከበረችው ማን ናት? መጽሐፉን ተሳልማ መደርደሪያ ላይ የመለሰችው? ወይስ ቃል በቃል አንብባ፣ ተከራክራው፣ በደሟ የፈተነችው?

እኛስ? እኛም እኮ ነበረን። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ቆሞ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዓይቶ አላለፈም፤ ዕድሜውን ሰጠው። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ምርጥ የእንዶድ ዝርያ ለዩ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጥርጣሬ ሲያበዙባቸው ዓመታት ተሟገቱ፣ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። እንዶድ ቅመም አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ሴቶቹ ያወቁትን አከበረ፣ ከዚያም ፈተነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ፣ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ በዚሁ መንገድ የተክሎቻችንን ኬሚስትሪ ሲዘረዝሩ ኖረዋል። ችሎታው የለንም የሚል ሰው ታሪካችንን አያውቅም።

የጎደለን ጅምሩን የሚጨርስ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ግቡና የመመረቂያ ጽሑፎቹን አገላብጡ። የኮረሪማ ጭማቂ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ገደለ፤ የጦስኝ ዘይት ፈንገስ ገደለ፤ የኮሰረት ቅጠል ይህን አደረገ። መልካም። ከዚያስ? ከዚያ የለም። በረኪናም ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ማን ይጠጣዋል? ከሳህን ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ መጠን፣ ከመጠን ወደ ማሸጊያ የሚሄደው ረጅም መንገድ ገና መጀመሩ ነበር። ተማሪው ተመረቀ፣ መምህሩ ዕድገት አገኘ፣ ጥራዙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አቧራ ለበሰ። ቦንጋ ጫካ ድረስ ተኪዶ ኮረሪማ የተለመነው ገበሬ የሰጠው ፍሬ ምን ሆኖ እንደቀረ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ከእኔ ቅያሜ ይልቅ የሱ ቅያሜ ይበልጣል።

እሱን ሳስብ ስለ ምስጢር ያለኝ አቋም ይለሳለሳል። ባህላዊ መድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ይሞታሉ እያልን እንወቅሳቸዋለን። እኔም ወቅሻለሁ። ግን ማን አምኖ ይናገር? የነገረው ሰው ምን አገኘ? ማህበረሰቡ ከዕውቀቱና ከዕፅዋቱ ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል የሚደነግግ አዋጅ እኮ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ወጥቷል፤ ቁጥሩም 482 ነው። አዋጁን አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ አዋጅ ነው። የካፋ፣ የሸካ፣ የጋሞ ኮረሪማ አብቃይ ስሙን እንኳ ሰምቶት ያውቃል?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለው ያስተማሩን ራሳቸው አባቶቻችን ናቸው። መጻፍ ዋጋ እንዳለው ማየት የሚፈልግ የህንድን የእርድ ክርክር ይመልከት። በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ያድናል የሚል የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለአንድ የሕክምና ማዕከል ተሰጠ። እርድ! ህንዶች እሪ ብለው ብቻ አልተቀመጡም። የሳይንስ ምክር ቤታቸው ከሳንስክሪት ጽሑፎች ጀምሮ እስከ 1953 የሕክምና መጽሔት ድረስ 32 የጽሑፍ ማስረጃ ይዞ ቀረበ፤ በ1997 መብቱ ተሻረ። እኛ በጤፍ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የወሰደውን የባለቤትነት መብት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው፤ የተሟገተው ደግሞ ሌላ የሆላንድ ኩባንያ እንጂ እኛ አልነበርንም። ነገ በኮረሪማ ቢመጡብን ምን ይዘን እንቀርባለን? የብራና መጽሐፈ መድኃኒቶቻችንን ሰብስቦ ያሳተመው ፖላንዳዊው ስትረልሲን ነው፤ በ1968፣ ዋርሶ ላይ። ስለ ቅመሞቻችንና ስለ መድኃኒት ዕፅዋታችን ተመራማሪው ሁሉ የሚጠቅሰውን መጽሐፍ በ1981 የጻፈው ጃንሰን የሆላንድ ሰው ነው። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፤ የደከሙት ለእኛ ጭምር ነው። የሚያሳፍረኝ ከእነሱ ኋላ የተሰለፍን ጥቂት መሆናችን ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ኮረሪማ የጥላ ተክል ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች ሲቆረጡ አብሮ ይሄዳል። ጦስኝ ከነሥሩ እየተነቀለ በኩንታል ይጫናል። የዝንጅብላችንን ነገር ደግሞ ማን ይረሳዋል? በ2012 የገባው የአጠውልግ በሽታ ከወላይታ እስከ ከምባታ፣ እስከ ዳውሮ ማሳውን ባንዴ አወደመው፤ በዝንጅብል ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ። አንድ ተክል ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ ልናጣው እንችላለን።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። መቶ ተክል አንድ ጊዜ አትነካኩ። ሦስት ምረጡ፤ ኮረሪማ፣ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ። ሐኪሙም ኬሚስቱም ባህላዊ አዋቂውም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና ከሳህን እስከ ሰው ድረስ ያለውን መንገድ ይጨርሱት። ውጤቱ ባያምርም ይታተም፤ «አልሠራም» የሚል መልስም መልስ ነው፣ ስንቱን ከንቱ ወጪ ያድናል። በአማርኛ ይጻፍ፣ በካፊኖኖ ይነገር፣ ፍሬውን ለሰጠው ገበሬ ደጃፉ ድረስ ይድረስ። እስከዚያው ቅመሙን እንደ ቅመም ሽጡልን፤ እንገዛለን፣ ደስ ብሎን እንበላለን። በማሸጊያው ላይ የበሽታ ስም የሚጽፍ ሰው ግን ማስረጃውን ያቅርብ፤ ከሌለው ይጠየቅ። «ክኒንህን ተው» ያለ ሰውማ በሕግ ፊት ይቁም። የእትዬን እጅ እኔ በምላስ አልመልሰውም።

ባለፈው እሑድ እትዬ ዘንድ ነበርኩ። ኮረሪማ እንድፈለፍልላቸው አዘዙኝ፤ በግራ እጃቸው እያሳዩ። ፈልፍዬ አመስኩት፤ እሳቱ በዝቶብኝ አሳረርኩት፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጎናቸው የክኒን ብልቃጣቸው ነበር። ቆጠርኩት፤ ቀኑን አላጎደሉም።

እናንተም ዛሬ ማታ ወደ እናታችሁ፣ ወደ አባታችሁ፣ ወደ አክስታችሁ ደውሉ። ምን ቅመም፣ ምን ዘይት፣ ምን ዱቄት እንደጀመሩ ጠይቁ፤ አትቆጡ፣ አትሳቁ፣ እስኪጨርሱ ስሙ። ከዚያ ክኒናቸውን ዛሬ ወስደው እንደሆነ ጠይቋቸው።